ምንጣፉን ያራሰው የትኛው ውሃ ነው?

አንድ ሰው መኪናውን ግቢዬ አስገብቶ «ምንጣፌ ርሷል» ሲለኝ፣ ኮፈን ከመክፈቴ ወይም ከመኪናው ሥር ከመግባቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፤ መቼ ነው የሚርሰው? ባለመኪናው ብዙ ጊዜ ግር ይለዋል። ሊያሳየኝ የመጣው ቦታውን ነውና ምንጣፉን ገልጦ፣ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በጣቱ ተጭኖ፣ ውሃው ብቅ ሲል «ይኸው፣ እዚህ ጋ!» ይለኛል። ቦታው ግን ብዙ አይነግረኝም። ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ተከትሎ፣ በላሜራ መጋጠሚያ ተንሸራቶ ዝቅ ያለ ስፍራ ሲያገኝ ነው የሚተኛው። መኪናው አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ካደረ፣ በኋላ በር የገባ ዝናብ ከፊት ወንበር ሥር ሊገኝ ይችላል።

ሰዓቱን ካወቅኩ ግን ግማሹ ሥራ አለቀልኝ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው? ኤሲ ተከፍቶ ረጅም መንገድ ሲኬድ ነው? ማሞቂያ ሲከፈት? ወይስ መኪናው ሰው ሞልቶ ሲጓዝ? ጋቢና ውስጥ የሚገኝ ውሃ ከሰማይ፣ ከኤሲው፣ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ወይም ከተሳፋሪው ትንፋሽ የመጣ ነው። አምስተኛ ጨምር ካላችሁኝ ላቫጆ እላለሁ። ወለሉን በጎማ ቱቦ የሚያጥብ አጣቢ አለ፤ ባለመኪናው ግን ሳምንት ሙሉ ኤሲውን ሲረግም ይከርማል።

ኤሲ መሥራት የተማርኩት ድሬዳዋ፣ በጅቡቲ መስመር በሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ጋቢና ውስጥ ነው። ለዚህ ሙያ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም። አንድ ሾፌር ወደቡ ላይ ጭነት እስኪሞላ ኤሲውን ከፍቶ ሲጠብቅ ከመኪናው ሥር ውሃ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ያው መኪና ጋላፊን አልፎ ወደ አፋር ሜዳ ሲገባ ሙቀቱ ምንም አልቀነሰም፣ ኤሲውም እንደተከፈተ ነው፤ ውሃው ግን ወደ ጠብታ ይወርዳል። አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በተለይ ወሩ ታኅሣሥ ወይም ጥር ከሆነ፣ ጭራሽ ይጠፋል። አዲስ የሆነ ረዳት «ኤሲው ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። የተበላሸ ነገር የለም፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ኢቫፖሬተር የምንለው ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች የተደረደሩበት ዕቃ አለ። ኤሲው ሲሠራ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀዘቅዛል። ቬንትሌተሩ የሚገፋው አየር በእነዚያ ክንፎች መካከል ሲያልፍ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ሙቀት ውስጥ የተቀመጠ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ ኢቫፖሬተሩም ያልበዋል። 30 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር እርጥበት ከጠገበ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 30 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ያው አየር ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መያዝ የሚችለው 7 ግራም እንኳ አይሞላም። የቀረው በክንፎቹ ላይ ይፈስና ከሥር ወደ ተቀመጠው ትሪ ይንጠባጠባል። ከትሪው በጎማ ቱቦ፣ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ በስቶ፣ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል። እርጥበት በበዛበት ስፍራ ይህ በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ያ ቱቦ ሲደፈን ውሃው የት ይሂድ? ትሪው ይሞላል፤ ከዚያ በመጋጠሚያው እየተረፈ ምንጣፉ ሥር ይገባል።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት መኪናቸውን ያመጡልኝ ሌላ ጋራዥ «ዳሽቦርዱ ካልወረደ መፍትሔ የለውም» ብሏቸው ነበር። ዳሽቦርድ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ቀን ይፈጃል፣ ገንዘብ ይፈጃል፤ የፕላስቲኩ መያዣዎችም አንድ ሁለቱ መሰበራቸው አይቀርም፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ኮረኮንች ባገኘ ቁጥር ሲንኳኳ ይኖራል። እኔ ያንኑ ጥያቄዬን አቀረብኩ።

«መቼ ነው የሚርስብዎ?»

«ኧረ ልጄ፣ ሁልጊዜ ነው!»

«ትናንት ዘንቦ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ረጥቦ አገኙት?»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ ደረቅ ነበር» አሉኝ። «ልጆቹን ይዘን ከአዳማ ስንመለስ ነው የባሰበት።»

«ኤሲ ከፍተው?»

«ታዲያ በዚያ ሙቀት እንዴት ይዘጋል?»

«ኩርባ ሲይዙ ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንቦጫቦጭ ነገር ይሰማዎታል?»

«እሱንማ ልጆቹ ናቸው የሰሙት! ነዳጅ ነው ብለው አስደነገጡኝ።»

ከዚህ በኋላ ዳሽቦርድ ለምን ይወርዳል? መኪናውን ጉድጓዱ ላይ አቁመን ከሥር ስናይ የቱቦው ጫፍ በጥቁር ቀለም ታሽጓል። ላሜራው እንዳይዝግ ብለው ታችኛውን ክፍል ቀለም ሲያስቀቡ፣ ቀቢው ቱቦውንም አብሮ ቀብቶታል። ጫፉ ሲከፈት ውሃው ክንዴን ይዞ ወረደ፤ ዳሽቦርዱንም ማንም አልነካው።

ቱቦው የሚደፈነው በቀለም ብቻ አይደለም። የጭቃ መንገድ ከታች ይደፍነዋል። ከላይ ደግሞ አቧራ አለ። ብዙ መኪኖቻችን የጋቢና አየር ፊልትሯቸው ወልቆ ስላልተተካ፣ በበጋ የገባው አቧራና የቅጠል ፍርፋሪ ኢቫፖሬተሩ ላይ ተለጥፎ ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ጭቃ ሆኖ ትሪው ውስጥ ይተኛል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪኖችን ደግሞ ለብቻ ነው የማያቸው። ዳሽቦርዱ አንድ ጊዜ ወልቆ ስለተመለሰ ቱቦው ቀዳዳውን ስቶ ጋቢናው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ድሮ የመሪው ዘንግ ያልፍበት የነበረው ቀዳዳም በፕላስተር ብቻ ተሸፍኖ ይገኛል፤ ክረምት ሲመጣ ጎማው የሚረጨው ውሃ በዚያ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል።

ቱቦ ስትከፍቱ ሽቦ አትጠቀሙ። ሽቦ አልፎ ሄዶ ኢቫፖሬተሩን ከበሳው ጋዙ ይወጣል፤ የአንድ ቀዳዳ ሥራ የአንድ ኢቫፖሬተር ዋጋ ይሆናል። ሣር ማጨጃ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ወፍራም የናይለን ክር ይበቃል። የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር አፍ ከታች ደግኖ በሙሉ ኃይል መንፋትም ያው ነው፤ ቱቦውን ከመያዣው ያስለቅቀዋል፣ ወይም ጭቃውን ወደ ላይ መልሶ ይረጨዋል። ቀስ ብሎ፣ በትንሽ ግፊት።

በበጋ ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከመኪናው ሥር ምንም አለመንጠባጠቡ ቱቦው ለመደፈኑ ማስረጃ አይሆንም፤ በጥር አየር ውስጥ የሚጨመቅ ውሃ ከየት ይመጣል? በዚያን ጊዜ እኔ ፊልትሮውን አውጥቼ፣ ቬንትሌተሩን ዘግቼ፣ በመርጫ ጠርሙስ ኢቫፖሬተሩን አርሰዋለሁ። የረጨሁት ውሃ ጥቂት ቆይቶ ከታች ከወረደ መንገዱ ክፍት ነው።

የዝናብ ውሃ ጠባዩ ሌላ ነው። ኤሲ ተከፈተ አልተከፈተ ደንታ የለውም፤ ቆሞ ያደረ መኪና ውስጥ ይገባል፣ አፈርና የቅጠል ስባሪም ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የማየው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያው የተተከለበትን ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ የተሠራው አሸንዳ ውሃውን ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ጀርባ ያወርደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጽድ ወይም ከጃካራንዳ ሥር የሚቆም መኪና ግን አሸንዳው በቅጠል ይሞላል። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ውሃው እዚያው ይጠራቀምና ለጋቢናው አየር በተተወው ቀዳዳ ዘሎ፣ ቬንትሌተሩን አልፎ፣ የተሳፋሪው እግር ላይ ያርፋል። የኤሲ ውሃም የሚፈሰው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ሁለቱን የሚያምታታ ባለሙያ ብዙ ነው። አንድ ጆግ ውሃ አሸንዳው ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስና ከሁለቱም ጎማዎች ጀርባ እኩል መውረዱን ማየት ይበቃል፤ ለዚህ የዕቃ መሸጫ ደጃፍ መሄድ አያስፈልግም።

በሮችም አሉ። በበር መስታወት ጎን የዝናብ ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የታወቀ ነው፤ ፋብሪካውም አስቦበት ከታች መውጫ ቀዳዳዎች ሠርቶለታል። ውሃው ወደ ጋቢናው እንዳይዞር የሚከለክለው ከበሩ ልባስ ጀርባ የተለጠፈ ላስቲክ ነው። ስፒከር ገጣሚውና የመስታወት ማሽን ጠጋኙ ያንን ላስቲክ ቀድደው፣ እንደተቀደደ ልባሱን መልሰው ያስሩታል። ስለዚህ በሩ ሥር የሚርስ መኪና ሲመጣልኝ «በቅርቡ ስፒከር አስገጥመሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የፊት መስታወት የተቀየረበትም መኪና እንዲሁ ነው፤ ማስቲሹ አንድ ቦታ ከሳሳ በዝናብ ጊዜ በምሰሶው ውስጥ ተደብቆ ይወርዳል።

የዝናብ ቀዳዳ ፍለጋ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የሞባይል መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ውጭ ሆኖ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፈሳል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚኬደው። ከጣራው ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ያረጥበውና የትኛው እንዳስገባ አታውቁም። የላቫጆው የግፊት ማሽን ለዚህ አይሆንም፤ ጤነኛውን ጎማ ሳይቀር አልፎ ይገባል። በበሩ ጎማ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሶ ዘግቶ ማጠጣትም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ውሃው ያለፈበት ፓውደሩ ላይ መስመር ያሰምራል።

ሦስተኛው ውሃ ትንሿ ራዲያተር የምንላት የጋቢና ማሞቂያ ስትቀደድ የሚመጣው ነው። የመኪና መመሪያዎች ጣፋጭ ሽታ ይኖረዋል፣ ቀለም ይኖረዋል፣ መስታወቱ ላይ ቅባት ያለው ጉም ይተዋል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ያ ራዲያተሩ ውስጥ ኩላንት ላለበት መኪና ነው። እኛ አገር የቧንቧ ውሃ እየጨመረ የሚነዳ ሞልቷልና ሽታ የለውም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቡናማ የዝገት ቀለም ካያችሁ ጠርጥሩ። የተሻለው ምስክር የመጠባበቂያ ታንኩ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጠዋት ልኩን ምልክት አድርጉና ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልከቱት፤ ወርዶ ከተገኘ ነገሩ ከዚያ ነው። ይህንን ውሃ በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣፋጭ መሆኑ ሕፃናትንና ውሻን ያታልላል።

አንዳንድ ጋራዥ ትንሿን ራዲያተር ከመቀየር ሁለቱን ጎማ ቱቦዎች አገናኝቶ ያልፋታል። መኪናው ይሄዳል፤ ወለሉም ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ግን ሙቅ አየር የሚባል የለም፤ ባለመኪናው ክረምት ሲመጣ «መስታወቴ እየጨፈገገ አላይ አለኝ» ብሎ ይመለሳል።

ወደ መስታወቱ መጣን። በነሐሴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ውጭው ብርድ ነው፣ ያካፋል፣ የሰው ልብስና ጃንጥላ ርሷል። አንዱ ለአየር ብሎ መስኮት ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው እባክህ፣ ነፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ተዘጋ። አሁን ይህ ሁሉ ሰው የሚያወጣው ትንፋሽ መሄጃ የለውም። ውጭ ባለው ብርድ የቀዘቀዘው መስታወት ላይ ያርፋል። ሾፌሩ በጨርቅ፣ ጨርቁ ሲርስ በእጁ ይጠርገዋል፤ የእጁ ቅባት መስታወቱ ላይ ስለሚቀር በማግስቱ ይብስበታል።

እንዲህ ያለ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ቀዳዳ ፈልግልኝ ይለኛል። እኔ አስቀድሜ ጣቴን መስታወቱ ላይ አሳርፋለሁ። ጉሙ ከውስጥ ከተጠረገ፣ ምንጣፉም ደረቅ ከሆነ፣ ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው አንድ ቁልፍ ይሄዳል፤ የመኪና ሥዕልና በሆዱ ውስጥ የሚዞር ቀስት ያለበት። ጭስና አቧራ እንዳይገባ ብለው አንድ ቀን ተጭነውት እንደተበራ ቀርቷል። ያ ቁልፍ ሲበራ መኪናው የውጭ አየር አያስገባም፤ የተሳፋሪውን ትንፋሽ መልሶ መላልሶ ያዞረዋል። አጥፉት። የአየሩን አቅጣጫ ወደ መስታወቱ አድርጉ፣ ማሞቂያውን መካከል ላይ አድርጉ፣ ኤሲውንም ክፈቱ።

«በዚህ ብርድ ኤሲ?» የማይለኝ ሰው የለም። ኤሲ ነዳጅ ይበላል፣ ለድሬና ለአዋሽ እንጂ ለአዲስ አበባ አይደለም የሚል እምነት አለ። ነዳጅ መብላቱ አይካድም። ግን የዚህ ዕቃ ታሪክ የተጀመረው ከቅዝቃዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት መሐንዲስ ዘመናዊውን ኤሲ የነደፈው ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት እያበጠ ቀለማቱ አልገጣጠም ብለው አስቸግረው ነው። ሥራው አየሩን ማድረቅ ነበር። መኪና ውስጥም ያው ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ውሃውን ያወርደዋል፣ ማሞቂያው የደረቀውን አየር ያሞቀዋል፣ መስታወቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለጣል። ኤሲውን ድንገት ብታጠፉትና ቬንትሌተሩ ቢቀጥል ግን ክንፎቹ ላይ የቀረው ውሃ ተመልሶ ይተንና መስታወቱን በአንድ አፍታ ይሸፍነዋል። የሻገተ ሽታም ከዚያው ከሚቀረው እርጥበት ይመጣል፤ መስታወቱ በማይጨፈግግበት ቀን ለማቆም ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን ዘግቶ ቬንትሌተሩን ብቻ ማስነፋት ኢቫፖሬተሩን ያደርቀዋል። ጉሙ ከውጭ ከሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጅቡቲ ወይም ጅዳ የነዳ ሰው ያውቀዋል፣ ቅዝቃዜውን ቀንሶ መጥረጊያውን መምታት ነው።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ መኪናዬ ሥር ውሃ አየሁ፣ ባትሪው እየፈሰሰ ይሆን? ኤሲ ተከፍቶ ከነበረና ውሃው ከፊት በኩል የወረደ፣ ንጹሕ፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ከሆነ የኢቫፖሬተሩ ላብ ነው፤ መውረዱ ጤናው ነው። ቀለም ካለው ግን አይነዳም፤ የእነዚህ መኪኖች ባትሪ አብዛኛው በኩላንት ነው የሚቀዘቅዘውና። ቻርጅ ለመቆጠብ ኤሲና ማሞቂያ ዘግተው የሚነዱት ደግሞ እንደ ሚኒባሱ ሾፌር መስታወት ሲጠርጉ ይውላሉ።

ምንጩ ከተገኘና ከተዘጋ በኋላ የሚቀረውን ሥራ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ምንጣፉን ከላይ ፀሐይ ያስመታውና ደረቀ ይላል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ውሃውን ሳምንታት ይዞ ይቆያል፤ ወለሉን ያዝጋል፣ በዚያ የሚያልፉትን የኤሌክትሪክ ሶኬቶች አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። አንድ ቀን መኪናው ያለ ምክንያት የኤርባግ መብራት ሲያበራ ባለሙያው ኮምፒውተር ይሰካል እንጂ ምንጣፍ አይገልጥም። ወንበሩ መውጣት አለበት። ከመውጣቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከወንበሩ ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች የኤርባግ ናቸውና ኤሌክትሪክ እያለ አይነቀሉም። ከዚያ ምንጣፉን አንሥቶ ከሥሩ እንጨት ማስገባት፣ ቬንትሌተር ማስነፋት።

ምንጣፉን ቶሎ አትመልሱት። ባዶው ላሜራ ላይ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፉና ጥቂት ቀን ንዱ፤ አንድ ጊዜ ኤሲ ከፍታችሁ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ማሞቂያ አብርታችሁ። ጋዜጣው ከረጠበ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጽፋችሁ ለሠሪው ንገሩት። ሳይረጥብ ከከረመ ምንጣፉን መልሱ፣ ወንበሩን እሰሩ።